ስዊቿን በማኅተም ያሸግኳት እኔው ነኝ

ወገኖቼ፣ የያዛችሁትን ሻይ አስቀምጡት። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የሆንኩትን ስትሰሙ ይደፋባችኋል!

ሰኞ የለጠፍኩትን ፖስት ታስታውሳላችሁ አይደል? «አንዳንድ ሰው ዕቃ የሚያውስህ ሊረዳህ ሳይሆን ሊያጠምድህ ነው» ያልኩትን? ሁለት መቶ ምናምን ላይክ ያገኘውን? «በርታ ወንድሜ፣ ምቀኛ በዝቷል» እያላችሁ ኮመንት ያዘነባችሁበትን?

ያ ምቀኛ የተባለው ሰው ሰይድ ነው።

ሰይድ ደግሞ ምንም አላደረገም።

አጥማጁም፣ ተጠማጁም፣ ወጥመዱም እኔ ነበርኩ!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለማታውቁኝ፣ ናትናኤል እባላለሁ፣ ናቲ በሉኝ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ሰይድ ደግሞ ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት አለው። ሁለታችንም ሠርግ እናነሳለን። በመሃላችን ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ስለሆነ የሱ ሙሽራ የኔ፣ የኔ ሙሽራ የሱ ልትሆን ትችላለች። ለፎቶ ነው ያልኩት፣ አትሳቁ።

ስለዚህ ሰይድን በዓይነ ቁራኛ ነው የማየው። እሱ ሲስቅ እንኳ ምን አግኝቶ ነው እላለሁ።

ባለፈው እሁድ እህቴ ሶስና አገባች። ፎቶውን ማን ያነሳል? እኔ ነኛ! ለገዛ እህቴ ሌላ ሰው ባቆም ፒያሳ ላይ እንዴት እሄዳለሁ?

አሁን አባቴን አስተዋውቃችሁ። አባባን የዓይን ሞራ ሸፍኖት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው የሚለየው በድምፅ ነበር። ሶስናን «ከሳሽ ወይስ ወፈርሽ?» ብሎ በእጁ ፊቷን ይዳስሳት ነበር። ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት አንዱ ዓይኑ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ሐኪሙ ጥቁር መነጽር አዘዘለት፣ ኃይለኛ ብርሃን እንዳያገኘውም አስጠነቀቀን።

ሶስና ጠራችኝና እጄን ያዘች።

«ናቲ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባባ ሲመርቀኝ መነጽሩን አውልቆ ያየኛል። ያን ፊቱን እፈልገዋለሁ። ሌላው ፎቶ ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም። ፍላሽ ካበራህበት ግን እህት የለህም!»

ይኼ ለፎቶ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ምርቃቱ ሳሎን ውስጥ ነው። ሳሎናችን ያለው አንድ መስኮት ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ አክስቶቼ ተደርድረው ይቆማሉ። ያለ ፍላሽ ጨለማ ነው ማለት ነው። ጨለማ ሲሆን ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ቀስ ብሎ ያነሳል። ቀስ ሲል እጅህ ቅንጣት ከነቃነቀው ፎቶው አበቃለት። ትሪፖድ አቁም እንዳትሉኝ! በዚያ ግርግር ትሪፖድ የሚቆምበት ክፍት ቦታ ቢገኝ አንዷ አክስቴ ወንበር ታስቀምጥበታለች።

ይህን ጭንቀቴን ፒያሳ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። ለአንድ ሰው!

በማግስቱ ሰይድ ደወለ።

«ናትናኤል፣ አብሽር! መንቀጥቀጥ የሚከላከል ሌንስ አለኝ። አንተ ቀስ ብለህ አንሳ፣ እሱ እጅህን ይይዝልሃል። ነገ በሚኒባስ እልክልሃለሁ። በጎኑ አንዲት ስዊች አለች፣ ኦን ላይ ናት፣ እንዳትነካት።»

እንዳትነካት!

ልብ በሉ። ሰው «እንዳትነካ» የሚለው ምን ሲኖር ነው? ደግሞ በነጻ። ደግሞ ተፎካካሪዬ። ደግሞ «እጅህን ይይዝልሃል»። የኔ እጅ ምን ሆነና ነው የሚያዘው? አሥር ዓመት ሠርግ ያነሳሁበት እጅ ነው።

ቅዳሜ ሌንሱ በሹፌር እጅ መጣ። በፎጣ ጠቅልሎ፣ በካርቶን አሽጎ ነው የላከው። እንዲህ ተጠንቅቆ ማሸጉ ራሱ አስጠረጠረኝ።

ካሜራዬ ላይ ገጠምኩት። የማንሻውን ቁልፍ ገና ግማሽ ስጫነው፣

ጥዝዝዝ!

ውስጡ የሆነ ነገር ጮኸ። በማያው ቀዳዳ ሳይ ደግሞ ከፊቴ ያለው ግድግዳ ትንሽ ተንሳፈፈና ቀጥ አለ። ግድግዳ ሲንሳፈፍ አይቼ ስለማላውቅ እጄን ከካሜራው ላይ አነሳሁ።

ዘመኑን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰው ሻይ ቤት ገብቶ የልቡን ለማውራት መጀመሪያ የስልኩን ባትሪ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። እኔም «ይኼ ነገር ይቀዳል እንዴ?» አልኩ። የእህቴ ሠርግ ላይ ማን ምን ብሎ ይቀዳል፣ አክስቴ ስለ ወጡ ጨው ያለችውን? እሱን አላሰብኩም። ብቻ ስዊቿን ኦፍ አደረግኳት።

ጥዝታው ጠፋ። ይኸዋ! አልኩ። ጥፋቱ ስዊቿ ጋ ነው።

ቀጥዬ ሌንሱን ፈታሁና ጆሮዬ ጋ አድርጌ ነቀነቅኩት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ተሰብሯል!

በዚያች ቅጽበት የሰይድ ተንኮል ከጫፍ እስከ ጫፍ ታየኝ። የተሰበረ ሌንስ ልኮልኛል። ስመልስለት «ደህና ነበር፣ አንተ ሰበርከው» ይላል። ስሜ ከደሴ እስከ ደጋን ይጠፋል። ሠርግ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብዬ ትንሽ አደነቅኩትም።

ታዲያ እኔ ሞኝ ነኝ? ምስክር ጠራሁ!

ከፎቶ ቤቴ ግራ ጋሽ ታደሰ አሉ፣ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ቀኝ ሐጂ እንድሪስ አሉ፣ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ሰፈሩን የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱንም አስገባኋቸው።

ሐጂ በሩ ላይ ቆመው «ለአንድ ለአምስት ስብሰባ ከሆነ ሱቄን ዘግቼ አልመጣም» አሉ። እንዳልሆነ ማልኩላቸው።

ጋሽ ታደሰ የሰዓት ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሌንሱን ገለበጡት። ጆሯቸው ጋ አደረጉት። ነቀነቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ነቀነቁት።

«ውስጡ ላልቷል። ብሎን ወልቋል» አሉ።

አርባ ዓመት ሰዓት የጠገነ ሰው ነው እንዲህ ያለው! ማን ይከራከራል?

ወረቀት አወጣሁ። «ይህ ሌንስ ገና ከካርቶን ሲወጣ ይንኳኳ የነበረ መሆኑን በጆሯችን ሰምተን አረጋግጠናል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ፈረሙ። ስዊቿን ማንም እንዳይነካካት ኦፍ ላይ እንዳለች በነጭ ፕላስተር ለጠፍኳት። ፕላስተሩ ላይ ቀን ጻፍን። ጋሽ ታደሰ የሰዓት ጥገናቸውን ማኅተም አምጥተው ግማሹ ፕላስተሩ ላይ፣ ግማሹ ሌንሱ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ቀጭ አደረጉበት።

ሐጂ ግን ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፣ «ልጄ፣ ልጁ ጋ ደውለህ ለምን አትጠይቀውም?»

ደውዬ ልጠይቅ? እንዲዘጋጅበት?

እሁድ መጣ።

ሌላ ሌንስ ለምን አልተጠቀምክም ትሉኛላችሁ። የኔ ለጨለማ አይሆንም፣ ያለ ፍላሽ ምንም አያነሳም። ይኼኛው ቢሰበርም መስታወቱ ጥሩ ነው፣ የቀረውን በእጄ እይዘዋለሁ አልኩ። በዚህ በብረት እጄ።

አባባ ሳሎን መሃል ቆመ። ሶስና ከፊቱ ተንበረከከች። አባባ መነጽሩን አወለቀና ለአክስቴ ሰጠ። ጎንበስ አለ። አያት። ቬሉን አየ፣ ግንባሯን አየ፣ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አድርጎ «ልክ እናትሽን» አለ። እናታችን ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው።

ሳሎኑ ሁሉ አለቀሰ። እኔም እያለቀስኩ ሃያ ሦስት ፎቶ አነሳሁ።

ማታውኑ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳቸው።

ሃያ ሦስቱም ድብዝዝ!

አባባ አራት ዓይን አለው። ሶስና ቬል ለብሳ ጭጋግ መስላለች። የአክስቴን ጥርስና የመስኮቱን መጋረጃ መለየት አይቻልም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ከዚያ ሐዘኔ ወደ ንዴት ዞረ። ሰኞ ጠዋት ያቺን ፖስት ለጠፍኩ። እናንተም «አይዞህ» አላችሁኝ። ሶስና ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሰዓቱ «የአባባን ፎቶ ላክልኝ» ትላለች። እኔ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ።

ዛሬ ረቡዕ ወረቀቴን፣ ካሜራዬን፣ ሌንሱንና ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐጂ የመጡት «ከዚያ ደጋን ዘመድ እጠይቃለሁ» ብለው ነው። ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ በታጠፈ ቁጥር ቦርሳዬ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔም በየመታጠፊያው ሽማግሌዎቹን አያለሁ፣ ሰማችሁ? በሚል ዓይን።

ሰይድ ሲያየን ደነገጠ። ሽማግሌ ይዞ የመጣ ሰው ማንን አያስደነግጥም? ሮጦ ወንበር አወጣ። ለስላሳ አስመጣ። ጥፋተኛ ነው ለስላሳ የሚያስመጣው አልኩ በልቤ።

ወረቀቱን ቆሜ አነበብኩለት። «የተሰበረ ሌንስ ልከህ የእህቴን ሠርግ አበላሽተሃል። በነዚህ አባቶች ፊት ይቅርታ እንድትጠይቀኝ ነው» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንዳማረ!

ሰይድ ሌንሱን ተቀበለኝና ጎኑን አየ።

ፕላስተሩን አየ።

ማኅተሙን አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ማስረጃ ነው!»

«ስዊቿ ኦፍ ላይ ናት።»

«አዎ! ከቅዳሜ ጀምሮ ማንም አልነካትም። ይኸው ፊርማ፣ ይኸው ቀን፣ ይኸው ማኅተም!»

«ሠርጉንም እንደዚሁ አነሳኸው?»

«እንደዚሁ! ምስክር አለኝ!»

ሰይድ ወደ ሐጂ ዞረ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊይዝ ሲሞክር ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ሐጂ፣ ወላሂ ምን ልበልዎት? ሌንሱን አስተኝቶት፣ እንዳይነቃ ማኅተም መትቶበታል።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን። ሌንሱ ውስጥ አንዷ መስታወት እንድትንቀሳቀስ ተደርጋ ነው የተሠራችው። እጅህ ወደ ግራ ሲል እሷ ወደ ቀኝ ትላለች፣ መንቀጥቀጡን ታጠፋለች። ባትሪ ሳያገኛት ላላ ብላ ስለምትቀመጥ ስትነቀንቃት ትንኳኳለች። ያ ጥዝታ ደግሞ ሥራ ላይ መሆኗ ነው።

«ብሎን አይደለማ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። ማኅተማቸውን ኪሳቸው ውስጥ ወደ ታች ሲገፉት አየሁ።

እኔ እጅ የምሰጥ መሰላችሁ? «አባባ ተንቀሳቅሶ ቢሆንስ?» አልኩ።

ሰይድ ፎቶውን ካሜራዬ ላይ ከፈተው። «አባትህ ቢንቀሳቀሱ እሳቸው ብቻ ይደበዝዙ ነበር። እሱን እንኳ ይኼ ሌንስ አያቆምልህም። ግን ግድግዳውን እየው። በሩን እየው። ቤቱም ተንቀሳቀሰ?»

ሐጂ አንገታቸውን አስግገው አዩና «ኧረ ግድግዳውም ይጨፍራል» አሉ።

ሰይድ ካሜራውን አስያዘኝ። ከክፍሉ ጥግ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ ያለ ፍላሽ፣ በአንድ አሥራ አምስተኛ ሰከንድ ፍጥነት እንዳነሳ አዘዘኝ። አነሳሁ። ጽሑፉ አይነበብም። ፕላስተሩን ላጠው፣ ስዊቿን ኦን አደረጋት፣ «ድገም» አለኝ።

ጥዝዝ።

ጽሑፉ ፊደል በፊደል ተነበበ። ጭረቱ ሳይቀር።

ያው እጅ ነው። ያው ክፍል ነው። ያው ሰው ነው፣ ያሳዝናል።

ለካ አሥር ዓመት ሙሉ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር! ፍላሹ ነው ብልጭ ሲል ሸፋፍኖልኝ የኖረው። እኔ በብረት እጄ ስኮራ ሰይድ ከሩቅ አይቶ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ግን ጥርጣሬ ሥር ሲሰድ በአንድ ቀን አይነቀልምና አንዲት የመጨረሻ ጥያቄ ነበረችኝ። «እሺ፣ ለምን በነጻ? ለምን ለኔ?»

ሰይድ ፕላስተሩን በጣቱ ጠቀለለው።

«አባትህና አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንድ ሺፍት ነበሩ። አልነገሩህም? በረመዳን አባቴ ጾሙ ሲያደክመው አባትህ ሁለቱን ማሽን ብቻቸውን ይይዙ ነበር። ከራሳቸው ጋር የአባቴንም። ወሩን ሙሉ፣ በየዓመቱ። አባቴ እስኪሞት ሲያወራው ነው የሰማሁት። ዓይናቸው ታመመ ሲሉኝ... ሌላ ምን አቅም አለኝ? ያለኝ ሌንስ ነው።»

አባባ ነግሮኝ አያውቅም። አንድም ቀን።

ቀና ማለት አቃተኝ። ለስላሳዬን አየሁ።

አሁን ስሙኝ። የሠርጉ መልስ ቅዳሜ ነው። ሶስናና ባሏ ቤታችን ይመለሳሉ፣ አባባ እንደገና ይመርቃቸዋል፣ መነጽሩን እንደገና ያወልቃል። ሌላ ዕድል የለኝም። ሌንሱ ያስፈልገኛል። ግን በምን አፌ ልጠይቅ?

ሐጂ እንድሪስ ገባቸው። ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጋሽ ታደሰንም በዓይን አስነሧቸው። ልጅ ሊያጭ እንደሄደ ሽማግሌ በሩ ጋ ሄደው ቆሙ!

«እንግዲህ ያ ሰይድ፣ ለክስ መጥተን ነበር፣ አላህ ወደ ልመና መለሰን። ይኼ ልጃችን ጠርጣራ ነው፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፣ አንደብቅህም። እንደ አመሉ ሳይሆን እንደ አባቱ አይተህ ሌንስህን ለቅዳሜ እንድትሰጠን ነው። እሺ ሳትለን ለስላሳህን አንጠጣም።»

ጋሽ ታደሰ የሳቸውን ጨርሰው ነበር።

ሰይድ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከቤተሰብ ጋር ልማከርበት» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ! እኔ ቆሜ ላቤ ይወርዳል። እዚያ ጀርባ ምን እያደረገ ነው ብዬ አንገቴን ሳሰግግ ሐጂ በከዘራቸው ጎሸም አደረጉኝ።

ወጣ። ሌንሱን በዚያችው ፎጣ ጠቅልሎታል። «ተስማምተናል» አለ። አቀፈኝ። ከዚያ በኋላ ትንሽ አልቅሼ ሊሆን ይችላል፣ ሽማግሌዎቹን አትጠይቋቸው።

ሐጂ ግን ፍርድ ሳይሰጡ አይወጡም። «የሰው ስም ያጠፋኸው የት ነው?» አሉኝ። ፌስቡክ ላይ ነው አልኩ። ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። «ስንት ሰው ሰማህ?» ሁለት መቶ ምናምን አልኩ። «ካሳውም እዚያው ይሁን፣ ለሁለት መቶ ምናምኑ። ምንም ሳታስቀር» አሉ። እኔ ወደ ደሴ ስመለስ እሳቸው ለደጋን ሚኒባስ ያዙ።

ይኸው፣ ምንም ሳላስቀር።

ሰይድ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ። ሰኞ ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ላይካችሁን አንሡልኝ። ሶስና፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ ኔትወርክ ነበረ። የአባባ ፎቶ ነው ያልነበረው። ቅዳሜ እጄ ባይታመን እንኳ ሌንሱን እመኚው።

ስዊቿ አሁን ኦን ላይ ናት። ይህን እየጻፍኩ ስድስት ጊዜ አይቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን ረሳሁ። ስወጣ ሰይድ ሳልጠይቀው ሁለተኛ ባትሪ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ሳልጠይቀው! ቤት እንደገባሁ ጆሮዬ ጋ አድርጌ ነቀነቅኩት፣ ምንም ድምፅ የለውም። እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ምንም ድምፅ የሌለው ለምንድን ነው?